በሳጥን የሚያድር ወርቅ

 

ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ሱረቱል ከህፍን የምትቀሩ ሁሉ አንድ አሮጌ ገንዘብ በፊታችሁ ያልፋል። የዋሻው ባልደረቦች ከረጅሙ እንቅልፋቸው ሲነቁ ርቧቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘባቸውን አስይዘው ንጹሕ ምግብ ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ከተማ ላኩት። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ሲያገላብጠው ደነገጠ፤ ብሩ የተመታበት ንጉሥ ካለፈ ዘመን ተቆጥሯል። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ወጣቱንም የተቀበረ ሀብት አግኝተሃል ብለው ያዙት። እርሱ ግን የፈለገው ምግብ ብቻ ነበር።

አንድ ብር ነው፤ ዓይኑ ግን ሁለት ነው። ለተራበው ሰው ብሩ እራት ነው። ለከተማው ሰው ግን በጥንትነቱ የሚያስገርም፣ የሚፈለግና ምናልባትም የሚያጣላ ዕቃ ሆነ። ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ ከእነዚህ ሁለት ዓይኖች የመጣ ይመስለኛል። የወርቅና የብር ሳንቲም ገዝቶ፣ በተለይም አሮጌና ብርቅ የሆነውን እየመረጡ ሰብስቦ፣ ዋጋው እስኪጨምር ማስቀመጥ በዲናችን ሚዛን እንዴት ይታያል? ብልህነት ነው ወይስ አላህ ያስጠነቀቀበት ክምችት?

ጥያቄው ዝም ብሎ አልመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለልጁ ትምህርት ብሎ ብር ያጠራቀመ አባት ገንዘቡ ባለበት ተቀምጦ ሲመነምን አየ። ወርቁ ደግሞ ወደ ላይ ሄደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ 2000 ዶላር አለፈ፤ በጥቅምት 2025 ደግሞ 4000 ዶላር ተሻገረ። ይህን የሚያይ ሰው ገንዘቡን ወደ ወርቅ ቢለውጥ ስስታም ብለን ልንሰድበው አይገባም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። እኛም ፍርሃቱን ንቀን ስለ ዙህድ ብቻ ብንሰብከው ጆሮ አይሰጠንም፤ ባይሰጠንም አይፈረድበትም።

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት) ኢሕያእ ዑሉሚዲን በተባለው ኪታባቸው፣ ስለ ሶብርና ሹክር በጻፉበት ክፍል፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥልቅ አሳብ አላቸው። ዲናርና ዲርሃም በራሳቸው አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ከብርድ አያድኑም። ጥቅማቸው በሌሎች ዕቃዎች መካከል ዳኛ መሆናቸው ነው። ግመል ያለው ሰው ዘዕፈራን ቢፈልግ ግመሉን ቆርሶ አይሰጥም፤ በመካከል የሁለቱንም ዋጋ የሚናገር ዳኛ ያስፈልገዋል። መስተዋት የራሱ ቀለም ስለሌለው የሁሉን መልክ እንደሚያሳይ፣ ገንዘብም የራሱ ጉዳይ ስለሌለው በሁሉ ላይ ይፈርዳል። ስለዚህ ዲናርን የሚያከማች ሰው ቃዲውን እስር ቤት እንዳስገባ ነው፤ የሕዝቡ ጉዳይ ያለ ፈራጅ ይቀራል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ኡስታዝ! ዛሬ በወርቅ ሳንቲም ሽንኩርት የሚገዛ የለም። ዳኛው ጡረታ ወጥቷል። ደግሞስ ሳንቲሙን ስገዛ ብሬ መች ታሰረ? ሻጩ ይዞት ወደ ገበያ ሄዷል።" እውነት ነው። የከፈላችሁት ብር ከሻጩ እጅ ወጥቶ ይዞራል። ነገር ግን ከእናንተ ቤት ምን እንደወጣ ደግሞ ተመልከቱ። በዚያ ብር የስፌት መኪና ይገዛ ነበር፣ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ የወንድም ልጅ በትንሽ ሱቅ ይቋቋም ነበር፣ ሁለት ላም ታስራ ትታለብ ነበር። አሁን ግን በሳጥን ውስጥ የሚያድር፣ የማይወልድ፣ የማይታለብ ነገር ሆኗል። የኢማሙ ቃዲ የታሰረው በአገሩ ገበያ ባይሆን እንኳ በቤታችሁ ውስጥ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሶሐባዎችም አንድ ቃል አልነበሩም። ሱረቱ ተውባ 34ኛው አንቀጽ ወርቅንና ብርን አከማችተው በአላህ መንገድ የማይለግሱትን በአሳማሚ ቅጣት ያስፈራራል። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በሻም አሚር ሳሉ አንቀጹ በመጽሐፉ ሰዎች ላይ የወረደ ነው አሉ። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ደግሞ በእነርሱም በእኛም ላይ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ደረሰ፤ አቡ ዘርም መጨረሻቸው ከመዲና ወጣ ባለችው ረበዛ ሆነ። እርሳቸው ከዕለት ፍላጎት የተረፈውን ማስቀመጥ ከባድ ነገር አድርገው ያዩ ነበር። የሶሐባዎች ብዙኃን ግን ዘካው የወጣለት ሀብት በማስጠንቀቂያው ውስጥ አይገባም ብለው ያዙ፤ ከዓብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የተዘገበውም ይኸው ነው። እናታችን ኡሙ ሰለማም (ረ.ዐ.) ስለሚያጌጡበት ወርቅ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው፣ ኒሷብ ደርሶ ዘካው ከተከፈለ ከተከለከለው ክምችት እንደማይቆጠር የተመለሰላቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሀብታቸውን ሁሉ ሊለግሱ ሲያስቡ ከሲሶ እንዳያልፉ ተነግሯቸዋል፤ ወራሾችን ሳይቸገሩ መተው ሰው ፊት እጃቸውን እንዲዘረጉ ከመተው ይሻላልና።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በተውባ የተወገዘው ነገር ስም "ከንዝ" ነው። ወደ ሱረቱል ከህፍ 82ኛው አንቀጽ ተመለሱ። ሙሳ የተማሩበት ያ የአላህ ባሪያ ሊወድቅ የደረሰ ግንብ ያለ ክፍያ ያቀኑት ለምን ነበር? ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ስለነበረ ነው፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። ያም የተቀበረ ሀብት "ከንዝ" ተብሎ ተጠርቷል! ቃሉ አንድ ነው። አንዱ በእሳት ግሎ የባለቤቱ ግንባር ይተኮስበታል፤ ለሌላው ደግሞ አላህ ግንብ ያስጠግንለታል። ስለዚህ ነገሩ ወርቁ መቀመጡ ብቻ አይደለም። ለማን እንደተቀመጠና የማን ሐቅ በውስጡ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ሰባት ዓመት እህል አከማችተዋል፤ በድርቁ ዓመታት ግን ጎተራው ተከፍቷል።

ባለፈው ረመዳን አንዲት እህት ይህንኑ ጉዳይ ይዛ መጣች። ዓመታት በጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ደሞዟን እዚያው ገበያ ጁነይህ በሚሉት የወርቅ ሳንቲም እየለወጠች አስራ ሁለት ፍሬ አጠራቅማለች፤ እያንዳንዱ 8 ግራም፣ ባለ 21 ካራት ነው። ወንድሞቿ ሸጠሽ ባጃጅ ግዥልን ይሏታል። እርሷ ደግሞ "ይህ ወርቅ እንቅልፌ ነው፤ ከሸጥኩት አልተኛም" አለችኝ። ዘካ አለብኝ ወይ ብላ ጠየቀች። አሰላነው። የአስራ ሁለቱ ንጹሕ ወርቅ ልክ 84 ግራም ይመጣል፤ ኒሷቡ 85 ነው። በአንዲት ግራም ጎደለ! ፊቷ በራ። ነገር ግን ባንክ ያስቀመጠችው ብር እንዳላትም ነገረችኝ። ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለሞች የወረቀት ገንዘብ ከወርቁ ጋር ይደመራል ይላሉ፤ ከተደመረ ሞላ። ዝም ብላ ቆየችና "ለእናቴ ጎረቤት ለባልቴቷ ይሆናላ" አለች። እንዲህ ያለውን እንቅልፍ ማን ይቃወማል? ወንድሞቿን ግን ባጃጁ የማን እንደሚሆን አስቀድመው በጽሑፍ ያስቀምጡ ብያለሁ።

አሁን ወደ አገራችን ሳጥኖች እንግባ። በወሎም፣ በሐረርም፣ በጅማም ስንት ቤት ጠገራ ብር አለ? ማርትሬዛ የምንለው ማለቴ ነው። አያት ለእናት፣ እናት ለልጅ ያወረሰችው፣ በድሪ የተሰካ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ከሳጥን ሥር የተኛ። አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት ወቄት ራሱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ ሰውም ገንዘብ መሆኑን ረሳው። ብር መሆኑ ግን አልቀረም። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ስለሆነ 23.39 ግራም ብር ይዟል። የብር ኒሷብ 200 ዲርሃም፣ ማለትም 595 ግራም ነው። ስለዚህ በሻፊዒ መዝሀብ፣ ንጹሑን ብቻ ስለሚቆጥሩ፣ ሃያ ስድስት ጠገራ ያለው ሰው ኒሷብ ደርሷል። በሐነፊ መዝሀብ ብሩ ከድብልቁ ከበለጠ ሁሉም እንደ ብር ስለሚታይ ሃያ ሁለት ይበቃል። አርባ ያለው በየዓመቱ የአንዱን ጠገራ ዋጋ ያወጣል። ሴት የምታጌጥበትን በተመለከተ ሻፊዒዎች በልማድ መጠን ለሚለበስ ጌጥ ዘካ የለም ይላሉ፤ ሐነፊዎች አለ ይላሉ። በጨርቅ ተቋጥሮ የተኛው ግን ጌጥ ነው ለማለት ያስቸግራል። ማን አንገት ላይ ዋለና?

ይህን የምለው ሰውን ለማስጨነቅ አይደለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ዘካቸው ሳይወጣ አርባና ሃምሳ ዓመት ከተኙ፣ በዚያው ቀበሌ የሚኖር ድሃ ያልተከፈለ ዕዳ አለው ማለት ነው። ስሙን ስለማናውቀው ዕዳው አይሰረዝም።

ወደ ብርቅ ሳንቲም ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ወርቅ ገዝቶ እንደ ወርቅ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። የደቡብ አፍሪካው ክሩገርራንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሲመታ አንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ ይይዛል፤ ዋጋውም የወርቁን ዋጋ እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሦስት ያለው ሰው 93 ግራም አለውና ዘካ ያወጣል፣ አለቀ። ብርቅ ሳንቲም ግን ዋጋው ከወርቁ ውስጥ አይደለም። አሜሪካ በ1933 የመታችው የሃያ ዶላር ወርቅ ያን ጊዜ ሕዝቡ ወርቁን እንዲያስረክብ ስለታዘዘ ቀልጦ የቀረው ጥቂት ነው። ከቀሩት አንዱ በ2002 በ7.59 ሚሊዮን ዶላር፣ ያው ሳንቲም በ2021 በ18.87 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ገበያ ወርቁ ብቻ ቢመዘን 2000 ዶላር አይሞላም። የቀረው ሁሉ የተከፈለው ለምንድን ነው? ሌሎች ሰዎች ስለሚመኙት ነው። ምኞት ደግሞ በሚዛን አይመዘንም፣ በሳጥን አይቆለፍም፤ ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞሩ ዕለት ይበናል።

ዑለሞቻችን ይህን ዓይነት ድብልቅ ጥንት አይተውታል። ፈዷላ ኢብኑ ዑበይድ (ረ.ዐ.) በኸይበር ቀን ወርቅና ዶቃ ያለበትን ሐብል በ12 ዲናር ገዝተው፣ ሲለያዩት በውስጡ የተገኘው ወርቅ ብቻ ከ12 ዲናር በላይ ሆነ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይለያይ እንዳይሸጥ አዘዙ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ መሆን አለበትና። ስለዚህ ሁለት ተራ የወርቅ ሳንቲም ሰጥቶ አንድ ብርቅ መውሰድ፣ ክብደታቸው ከተለያየ፣ ወደ ሪባ ይወስዳል። መውጫው ቀላል ነው፦ ያላችሁን በብር ሽጡ፣ በብሩ ደግሞ የፈለጋችሁትን ግዙ። መጥፎውን ተምር ሸጦ በገንዘቡ ጥሩውን መግዛትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ለዚሁ ነው። የወረቀት ገንዘብም፣ የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1986 ዓማን ላይ እንደወሰነው፣ የገንዘብነትን ሕግ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። በመሆኑም የወርቅ ሳንቲም በዱቤ ወይም በየወሩ በሚከፈል መግዛት አይሆንም። "ግማሹን አሁን ክፈል፣ ሳንቲሙን በኋላ እልክልሃለሁ" የሚለውን ነጋዴ ራቁ፤ በሸሪዓውም በኪሳችሁም ይጎዳችኋል።

ሽያጩ ውስጥ የሚገባ ሌላ በሽታ አለ። አንዳንዱ ሻጭ ጠገራውን ያሳይና "ተመልከት፣ 1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው" ይላል። ንግሥቲቱ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው። በቪየና፣ በሎንዶን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይ ተመትቷል። ሙሶሊኒም በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ወስዶ አገራችንን ለመውረር የሚከፍለውን ገንዘብ በሮም አስመትቷል። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ጠገራ የአያታችሁ አያት የያዙት ይሁን ወይስ ወራሪ ጦር ስንቅ የገዛበት፣ ዓመተ ምሕረቱ አይነግራችሁም። ይህን እያወቀ "ጥንታዊ ነው" ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሰው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን ከሥር እንዳገኙበት እህል ሻጭ ነው።

ዋጋ እንዲወደድ ብሎ ገበያውን ማነቅም የዚሁ ዘመድ ነው። ሀንት የተባሉት የአሜሪካ ባለጸጎች ወንድማማቾች በ1970ዎቹ ብር እየገዙ አከማቹ። በ1979 መጀመሪያ 6 ዶላር ገደማ የነበረው አውንስ በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። ሰው የቤቱን ማንኪያና ሰሐን ሳይቀር እያወጣ ለማቅለጫ ሸጠ። መጋቢት 27 ቀን ሐሙስ ዋጋው ወድቆ 11 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ወንድማማቾቹ ከሰሩ፤ እነርሱስ ይሁን፣ ወሬ ሰምተው በ40 ዶላር የገዙትስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከመሬት ስለሚገኘውም አንድ ቃል ልጨምር። አገራችን በአክሱም ዘመን፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ የራሷን የወርቅ ሳንቲም የመታች ናት፤ የሐረር አሚሮችም የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። ገበሬ ሲያርስ ወይም ቤት ሠሪ መሠረት ሲቆፍር እንዲህ ያለ ነገር ሊያገኝ ይችላል። በፊቅህ ከእስልምና በፊት የተቀበረ ሀብት ሪካዝ ይባላል፣ አምስት አንድ እጁም ይወጣበታል። በአገራችን ሕግ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይነገራል እንጂ በጓሮ አይሸጥም። የሕዝብ ሐቅ ያለበትን ነገር ደብቆ ለውጭ ሰው ሸጦ ከዋጋው አምስት አንዱን ብሰጥ ሐላል ይሆናል የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው።

እንግዲህ የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፦ ከሐላል ሥራ የተረፈውን፣ ዕዳ ሳይኖር፣ የቤት ወጪ ሳይጎድል፣ በታወቀ ክብደትና ንጥረት በወርቅ ማስቀመጥ ችግር አላይበትም። ብርቅ ሳንቲም መሰብሰብን ግን የታሪክ ፍቅር ያለውና ቢከስር የማይቸገር ሰው ይሞክረው፤ ለልጆች ትምህርት የታሰበ ገንዘብ እዚያ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ለመሸጥ አስቦ የገዛውም ዓመቱ ሲሞላ ገበያ በሚያወጣው ዋጋ አስቦ ዘካውን ያውጣ። ሲገዛ ብርቅ፣ ዘካ ሲመጣ ተራ ብረት አድርጎ መቁጠር አይሆንም።

የቀረው የውርስ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ስለሆነ። እናት ወይም አባት ሲሞቱ የተቋጠረው ጠገራ ብዙ ጊዜ ወደ ታላቅ ወንድም ቤት ይሄዳል። "የአባታችን ማስታወሻ ነው፣ አይሸጥም፣ አይከፈልም" ይባላል። እህቶችም ያፍራሉ፣ ዝም ይላሉ። ማስታወሻም ቢሆን ሀብት ነው፤ ሱረቱ ኒሳእ ላይ ድርሻቸው ተወስኗል። መጀመሪያ የሟቹ ዕዳ፣ በሕይወት ሳሉ ያላወጡት ዘካ ካለ እርሱም ይነሳ፤ ኑዛዜ ካለ ከሲሶው ይፈጸም። ከዚያ ጠገራዎቹ በወራሾች ሁሉ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቆጠሩ። አንዱ ከሌላው በጥንትነቱ የሚበልጥ ከሆነ ሁለት አዋቂዎች ዋጋውን ይናገሩ። ወንድሙ ማስታወሻነቱን ከወደደ የእህቶቹን ድርሻ በብር ከፍሎ ያስቀረው፤ ካልቻለ ይሸጥና ይካፈሉት። ሙሉ ቆጠራው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ወላሁ አዕለም።